ሜዳ የሌላቸው ማኅበርተኞች፤ የቀድሞ ተማሪዎች የክሪኬት በጋ በእንግሊዝ አገር

በእንግሊዝ አገር ከታላላቆቹ ተማሪ ቤቶች ተምረው የወጡ ሰዎች ክሪኬት የሚባለውን ጨዋታ ለመጫወት ያቋቋሟቸውን ማኅበሮች ስም የሚያነብ ሰው፥ የጨዋታ ማኅበር ዝርዝር ሳይሆን የገዳም መዝገብ የገለጠ ሊመስለው ይችላል። የሬፕተን ተማሪ ቤት ልጆች የነበሩት ማኅበራቸውን «ተሳላሚዎች» ብለው ሰይመውታል። የሄይልበሪዎቹ «ባሕታውያን» ይባላሉ። በኦክስፎርድ ያለው የቅዱስ ኤድዋርድ ተማሪ ቤት ስሙን ያገኘው ተገድሎ ከሰማዕታት ከተቈጠረ ንጉሥ ስለ ሆነ፥ ከዚያ የወጡት «ሰማዕታት» ተብለዋል። የቻርተርሐውስ ልጆችም «መነኮሳት» ተባሉ፤ ተማሪ ቤቱ በ1611 በሎንዶን ከተማ ሲቋቋም የተተከለው ቀድሞ የካርቱስ መነኮሳት ገዳም በነበረበት ስፍራ ነውና። ከነዚህም ሌላ የኢተን «ዘዋሪዎች»፥ የሐሮው «ተንከራታቾች»፥ የብራድፊልድ «ጠያቂ የሌላቸው ልጆች» አሉ።

ስሞቹ የወጡት በቀልድ ነው፤ በቀልዱ ውስጥ ግን እውነት አለበት። ከነዚህ ማኅበሮች የሚበዙት የራሳቸው ሜዳ የላቸውም። በጋው በገባ ጊዜ አንድ ቀን በዚህ መንደር፥ ሌላ ቀን በዚያ መኰንን ግቢ፥ ሌላ ቀን ደግሞ በሌላ ማኅበር ሜዳ እየተጋበዙ ይጫወታሉ። ቤታችን የሚሉት አንድ ስፍራ ቢኖር በልጅነት የተማሩበት ተማሪ ቤት ሜዳ ነው፤ እርሱም ቢሆን የነሱ አይደለም፤ ተረኞቹ ልጆች ሲለቁላቸው ብቻ የሚገቡበት ነው። በአገራችንም በአንድ መምህር እግር ሥር ተቀምጠው ዜማና ቅኔ የተማሩ ሰዎች፥ አንዱ በጎጃም አንዱ በወሎ አለቃ ሆኖ ከተበታተነ በኋላ፥ በአንድ የንግሥ በዓል ላይ በተገናኙ ጊዜ የሚሆኑትን መሆን ያየ ሰው፥ የእንግሊዞቹን ነገር ለመረዳት ብዙ አይቸገርም።

የእንግሊዝ በጋ የሚገባው በኛ አገር ክረምቱ በሚገባበት ጊዜ ነው። ቀኑ እጅግ ይረዝማል፤ በሰኔ ወር ፀሓይ የምትጠልቀው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፎ ነው። ክሪኬትም ረጅም ቀን የሚፈልግ ጨዋታ ነው። ዐሥራ አንድ ዐሥራ አንድ ሰዎች በሁለት ወገን ሆነው ይገጥማሉ። በሜዳው መካከል በሁለት በኩል ሦስት ሦስት ችካሎች ይተከላሉ፤ የአንደኛው ወገን ወርዋሪ ኳሱን ወርውሮ ችካሉን ለመጣል ይሞክራል፤ የሌላው ወገን መቺ ደግሞ ጠፍጣፋ ዱላ ይዞ ችካሉን ይጠብቃል። ኳሱን መትቶ ያራቀው እንደ ሆነ ከአንዱ ችካል ወደ ሌላው ይሮጣል፤ እያንዳንዱም ሩጫ ይቈጠርለታል። ችካሉ ቢወድቅበት፥ ወይም የመታው ኳስ መሬት ሳይነካ ቢቀለብበት ይወጣል። ዐሥር ሰዎች ሲወጡ የዚያ ወገን ተራ ያበቃል። በቀድሞው ልማድ እያንዳንዱ ወገን ሁለት ሁለት ተራ ስለሚመታ፥ አንዱ ጨዋታ ሁለት ቀን ወይም ሦስት ቀን ይፈጃል፤ በመካከሉም ምሳ ይበላል፥ ሻይ ይጠጣል።

ከቀድሞ ተማሪዎች ጨዋታ ሁሉ የሚታወቀው መጀመሪያ የኢተንና የሐሮው ግጥሚያ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።) በ1805 በነሐሴ ወር በሎንዶን፥ ቶማስ ሎርድ የሚባል ሰው ለክሪኬት ባዘጋጀው ሜዳ ላይ ተገናኙ። ለሐሮው ከተሰለፉት አንዱ ኋላ በቅኔው ስሙ በኤውሮጳ ሁሉ የተሰማው ጌታ ባይረን ነበረ። እግሩ ከልደቱ ጀምሮ ሰንካላ ስለ ነበረ እርሱ ይመታል፥ ሌላ ልጅ ይሮጥለታል። የግጥሚያው መዝገብ በአንደኛው ተራ 7፥ በሁለተኛው 2 ሩጫ እንዳገኘ ይናገራል፤ እርሱ ራሱ ግን ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ 11 እና 7 አድርጎታል። ባለቅኔ በቍጥር ላይ ጥቂት ቢጨምር የሚደነቅ አይደለም። ኢተን አሸነፈ፤ ልጆቹም በዚያ ሌሊት አብረው ጠጥተው ወደ ቴያትር ቤት ሄደው እንደ ረበሹ ባይረን ሳይደብቅ ጽፏል። ሊታሰብ የሚገባው ነገር ግን፥ ባይረን በዚያ በጋ ከሐሮው መውጣቱ ነበረ፤ በጥቅምት ወር ወደ ካምብሪጅ ሄደ። እንግዲህ ያ የመጀመሪያው ግጥሚያ ግማሹ የተማሪ፥ ግማሹ የስንብት ጨዋታ ነበረ ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት ባለፈ ጊዜ የስንብቱ ነገር ራሱን ችሎ ማኅበር ሆነ። በ1845 ሐሮው ያደጉ ጥቂት ወዳጆች ወደ ቀድሞ ተማሪ ቤታቸው ሄደው ከልጆቹ ጋራ ከተጫወቱ በኋላ፥ በሎንዶን እራት ላይ ተቀምጠው ሳሉ በየስፍራው እየዞረ የሚጫወት ማኅበር አቋቋሙ። ስሙንም በኢጣልያ ቋንቋ «ኢ ዚንጋሪ» አሉት፤ ይኸውም አገር የሌላቸው ዘላኖች ማለት ነው። የመግቢያ ገንዘብ ምንም አይከፈልም፥ የዓመቱም መዋጮ ከመግቢያው ገንዘብ አይበልጥም የሚል ደንብ አወጡ። ደንቡ ያስቃል፤ ነገር ግን ገንዘብ አለመጠየቅ በሩን ለሁሉ መክፈት አይደለም፤ የሚገባው ሰው ተመርጦ ነውና። ይህ ማኅበር ከአንድ ተማሪ ቤት ልጆች ውጭም ስለሚቀበል ፍጹም የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር አልነበረም። አርአያነቱ ግን ብዙ ነው። የኢተን ዘዋሪዎች በ1862፥ የሐሮው ተንከራታቾች በ1870 ተቋቋሙ፤ ሌሎቹም ተማሪ ቤቶች ተከተሉ።

ይህን ያቀላጠፈው የምድር ባቡር ነው። ባቡር ባይኖር ኖሮ በሎንዶን የሕግ ሥራ ያለው፥ በገጠር ርስት ያለው፥ በጦር ሰፈር ያለው መኰንንና በሩቅ ደብር ያለው ቄስ በአንድ ማለዳ በአንድ ሜዳ ሊገናኙ አይችሉም ነበር። በበጋው ወራት ጌቶቹ በየርስታቸው ግቢ ሜዳ እያስተካከሉ ማኅበሮቹን ይጋብዙ ነበር፤ እንግዶቹ ሳምንት ሙሉ ተቀምጠው ቀን ይጫወታሉ፥ ማታ እራትና ዳንስ ይሆናል። በሐምሌ መጨረሻ ተማሪ ቤቱ ሲዘጋ ደግሞ ተራው የነሱ ይሆንና ወደ ልጅነታቸው ሜዳ ይመለሳሉ።

ይህ ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም በሩ ጠባብ እንደ ነበረ መናገር ያስፈልጋል። ከሥራው ሦስት ቀን ተነሥቶ፥ የባቡሩን ከራሱ ከፍሎ፥ ነጭ ልብስ ለብሶ የሚጫወት ሰው ባለ ርስት ወይም ባለ ሀብት መሆን አለበት። በታላቁ ጨዋታ ገንዘብ እየተከፈለው የሚጫወተው ሰው በሌላ በር ይገባ ነበር፤ ልብሱን የሚለውጠውም በሌላ ክፍል ነው፤ በታተመው መዝገብ ላይ እንኳ የጌታውና የተቀጣሪው ስም አጻጻፍ ይለያል። በአገራችን በገና ሜዳ ላይ ሎሌው ጌታውን በዱላ ቢያገኘው ቍጣ የለም፤ በእንግሊዝ ሜዳ ላይ ግን የማዕርጉ ልዩነት ከጨዋታው ጋራ አብሮ ይሰለፍ ነበር። ይልቁንም የሚያሳዝነው፥ ንጉሥ ሄንሪ ስድስተኛ በ1440 ኢተንን ሲተክል ሰባ ድኾች ልጆች በነፃ እንዲማሩበት አስቦ መሆኑ ነው። ሰባው እስከ ዛሬ አሉ፤ በዙሪያቸው የተሰበሰበው ግን የባለጠጋ ልጅ ነው፥ ሜዳውም ስሙም የዚያ ሆነ።

ከነዚህ ተማሪ ቤቶች ወጥተው ወደ በጋው ጨዋታ ካልተመለሱት አንዱ የኛ አገር ልጅ ነው። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ከመቅደላ ከተወሰደ በኋላ በቼልተናም ተማሪ ቤት፥ አለቃው ጄክስ ብሌክ ወደ ራግቢ ሲዛወርም አብሮት ተዛውሮ በራግቢ ተማረ። ከራግቢ የወጡት ለክሪኬት ማኅበራቸው ያወጡለት ስም «ተወርዋሪ ኮከቦች» የሚል ነው። ልዑሉ በ1878 ከራግቢ ወደ ሳንድኸርስት የጦር ተማሪ ቤት ገባ፤ በ1879 በኅዳር ወር በሊድስ ከተማ ዐረፈ፤ ዕድሜው ዐሥራ ስምንት ዓመት ነበረ። የተቀበረው በዊንዘር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው፤ ከዚያ የቴምስን ወንዝ ሲሻገሩ ያለው ኢተን ነው።

አሁን ደግሞ የቀድሞ ተማሪዎች በየበጋው እራት ላይ ሳያነሡት የማይቀሩትን ጨዋታ መናገር ይገባል፤ እርሱም በ1910 ሐምሌ 8 እና 9 ቀን በሎርድስ ሜዳ የተደረገው የኢተንና የሐሮው ግጥሚያ ነው። ሎርድስ በ1814 አሁን ባለበት ስፍራ የተደላደለ ሜዳ ነው፤ ከዚያ በፊት ቶማስ ሎርድ ሁለት ጊዜ ቦታ እየለቀቀ ሣሩን ከነሥሩ አስነቅሎ ይዞት ሄዶ ነበር።

ሐሮው መጀመሪያ መትቶ 232 ሩጫ አገኘ። ኢተን ግን 67 ብቻ አግኝቶ ወደቀ። በሕጉ የመጀመሪያ ተራው እጅግ ያነሰበትን ወገን ባላጋራው ወዲያው ሁለተኛውን ተራ እንዲመታ ሊያስገድደው ስለሚችል፥ ኢተን እንደ ገና ገባ። አለቃው ሮበርት ፋውለር የሚባል የአየርላንድ ልጅ ነበረ። እርሱ 64 ሩጫ አገኘ፤ ሆኖም ዘጠኝ ሰዎች ወጥተው አንድ ተራ ብቻ ሲቀር ኢተን ሐሮውን የበለጠው በአራት ሩጫ ብቻ ነበረ። ጨዋታው አለቀ ብለው ተነሥተው የሄዱ ብዙ ተመልካቾች እንደ ነበሩ ይነገራል። በዚህ ጊዜ ጆን ማነርስና ሊስተር ኬይ የሚባሉት የመጨረሻዎቹ ሁለት ልጆች ምንም የሚያጡት ነገር እንደሌላቸው ሰዎች ያገኙትን ኳስ ሁሉ እየመቱ 50 ሩጫ ጨመሩ። የኢተን ሁለተኛ ተራ 219 ሆነ።

ሐሮው ለማሸነፍ የቀረው 55 ሩጫ ብቻ ነው። መጀመሪያ 232 ላገኘ ወገን 55 ምን ይሆናል? ፋውለር ኳሱን ይዞ መወርወር ጀመረ። የሐሮው መቺዎች አንዱ ከአንዱ ኋላ እየተከታተሉ ወጡ፤ ዘጠኝ ሰዎች ሲወድቁ 32 ሩጫ ብቻ ተቈጥሯል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ልጆች ግን እጅ አልሰጡም፤ አንድ አንድ እያሉ 45 አደረሱት። ሐሮዎች እንደ ገና ተስፋ ባደረጉበት ሰዓት ከሁለቱ አንዱ የመታው ኳስ ተቀለበና ነገሩ አለቀ። ኢተን በ9 ሩጫ አሸነፈ። ፋውለር በዚያ ተራ 23 ሩጫ ብቻ ሰጥቶ ስምንት ሰዎች አስወጣ፤ ሁለቱን ያስወጣ አለን ስቲል ነው። ያ በመጨረሻ የወጣው የሐሮው ልጅ ሃሮልድ አሌክሳንደር ይባላል፤ ኋላ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሰሜን አፍሪካና በኢጣልያ የእንግሊዝን ጦር የመራው ማርሻል አሌክሳንደር እርሱ ነው። በብዙ ጦር ሜዳ ድል ያደረገ ሰው በአሥራ ስምንት ዓመቱ የደረሰበት ይህ ሽንፈት በእንግሊዝ አገር ከስሙ ጋራ ሲጠራ ኖሯል።

የዚያ ቀን ልጆች ከተማሪ ቤት ወጥተው «የቀድሞ ተማሪዎች» ሆኑ። እንደ ልማዱ ቢሆን ኖሮ ሠላሳና አርባ በጋ በዘዋሪዎቹና በተንከራታቾቹ መካከል እየተገናኙ ያን ዐሥረኛ ተራ ሲከራከሩበት በኖሩ ነበር። ያገኙት በጋ ግን ጥቂት ነው። ጆን ማነርስ በ1914 በመስከረም ወር መጀመሪያ፥ ጦርነቱ ከተጀመረ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላው፥ በፈረንሳይ አገር ወደቀ። አለን ስቲል በ1917 ሞተ። ፋውለር ከጦርነቱ ተርፎ በጦር መኰንንነት አገለገለ፤ በ1925 በደዌ ሲሞት ገና 34 ዓመቱ ነበረ። በ1914 በነሐሴ መጨረሻ የእንግሊዝ ክሪኬት አባት የሚባለው ዶክቶር ግሬስ፥ ሌሎች በጦር ሜዳ ሲወድቁ ጕልማሶች በሜዳ ላይ መጫወታቸው አይገባም ብሎ በጋዜጣ ጻፈ፤ ጨዋታውም ቆመ። ከኢተን የወጡ ከ1,100 በላይ፥ ከሐሮው የወጡ ከ600 በላይ ሰዎች በዚያ ጦርነት ሞቱ። በ1919 በጋ የኢተንና የሐሮው ግጥሚያ ወደ ሎርድስ በተመለሰ ጊዜ ሜዳው በሰው ሞላ፤ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበሮችም ጥሪ መላክ ጀመሩ። ስንቱ ደብዳቤ ለእናትና ለመበለት እንደ ደረሰ መገመት አያስቸግርም።

ከጦርነቱ በኋላ ጨዋታው ቢመለስም አኗኗሩ አልተመለሰም። ግብሩ ከበደ፥ ሎሌው ቀነሰ፥ የብዙ ጌታ ግቢ ተሸጠ ወይም ፈረሰ። ሳምንት ሙሉ ሃያ ሰው አስተናግዶ ክሪኬት የሚያጫውት ሰው እየጠፋ ሄደ። ማኅበርተኛውም ራሱ በቢሮ ተቀጥሮ የሚውል ሆነ፤ ነፃ የሆነው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህ ለውጥ ጸና። በ1962 በኅዳር ወር በገንዘብ የሚጫወተውንና ያለ ገንዘብ የሚጫወተውን የሚለየው ደንብ ተሻረ፤ ከ1806 ጀምሮ በሁለቱ መካከል ይደረግ የነበረውም ግጥሚያ በዚያው በጋ የመጨረሻው ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት በ1963 በአንድ ቀን የሚያልቅ፥ የተሸነፈው የሚወጣበት የዋንጫ ውድድር በአውራጃዎቹ መካከል ተጀመረ።

የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበሮች ይህን አይተው ሁለት መንገድ ነበራቸው፤ እንደ ጥንቱ እየዞሩ ቀስ በቀስ መጥፋት፥ ወይም እንደ ዘመኑ መወዳደር። «ክሪኬተር» የሚባለው፥ ፔልሃም ዋርነር በ1921 ያቋቋመው መጽሔት በስሙ ዋንጫ አቀረበና በ1967 ዐሥራ ስድስት ማኅበሮች ገጠሙ። የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰዱት የሬፕተን ተሳላሚዎች ናቸው። በሚቀጥለው ዓመት ቍጥሩ ሠላሳ ሁለት ሆነ። ጨዋታው በአንድ ቀን ያልቃል፤ የተሸነፈው በዚያው ይሰናበታል፤ በሰኔ የተጀመረው በነሐሴ ይፈጸማል። ከሁሉ ይልቅ ብዙ ጊዜ ዋንጫውን የወሰዱት የቶንብሪጅ ተማሪ ቤት ልጆች ናቸው።

በዚህ ነገር ያዘኑ ሽማግሌዎች አልጠፉም። ዘዋሪ የነበረው ተፎካካሪ ሆነ፤ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ የሚያንቀላፋ ወፍራም ጠበቃ የሚሰለፍበት ስፍራ ከዩኒቨርሲቲ ለወጣ ብርቱ ጕልማሳ ተሰጠ ብለው አማረሩ። ሐዘናቸው ከንቱ አይደለም። ሆኖም ዋንጫው ያደረገውን መካድ አይቻልም፤ ሃያ ዓመት የሆነውና አርባ ዓመት የሆነው የአንድ ተማሪ ቤት ልጅ በአንድ ወገን ቆመው ችካል እንዲጠብቁ ምክንያት ሰጣቸው። ዋንጫ የሌለበትም የበጋ ጉዞ ከነአካቴው አልቀረም፤ ማኅበሮቹ ከውድድሩ ጎን ለጎን የጥንቱን ዓይነት ጨዋታ ይጫወታሉ።

የጠባቡ በር ነገር ግን በኛ ዘመን እንደ ገና ተነሣ። የሎርድስ ሜዳ ባለቤት የሆነው የሜሪልቦን ክሪኬት ማኅበር በ1787 የተቋቋመ ነው፤ በ2022 በየካቲት ወር፥ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ የኢተንና የሐሮው ግጥሚያ በሎርድስ አይደረግም፥ ሜዳው ለሌሎች ይሰጥ ብሎ አስታወቀ። ለብዙ ሺሕ ተማሪ ቤቶች ያልተፈቀደ ሜዳ ለሁለቱ ብቻ በየዓመቱ መሰጠቱ አይገባም የሚለው ክርክር ብርቱ ነው። ብዙ አባሎች ግን ከ1805 የመጣ ልማድ ሳንጠየቅ እንዴት ይሻራል ብለው ተነሡ፤ ነገሩም ተመልሶ ወደ ምክር ገባ። በ2023 ግጥሚያው ቢያንስ እስከ 2027 ድረስ በሎርድስ እንዲቆይ፥ ከዚያም እንደ ገና እንዲመረመር ተስማሙ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በክሪኬት ውስጥ ያለውን አድልዎ የመረመረው ገለልተኛ ጉባኤ ግጥሚያው ከሎርድስ እንዲወጣ የሚል ምክሩን አወጣ። ይህ ሁሉ ሲጻፍና ሲመለስ በነበረባቸው በሁለቱ በጋዎች፥ ተሳላሚዎቹና ባሕታውያኑ ሰማዕታቱና ተንከራታቾቹ፥ ቅዳሜ ወይም እሑድ ማለዳ መኪናቸውን በየተማሪ ቤቱ በር እያቆሙ በልጆቹ ሜዳ ላይ ዋንጫቸውን ተጫወቱ።